በመዝናኛ መርከብ ላይ ለምግብ ቤት ሠራተኞች የሚሰጠው ጉርሻ ምንድን ነው?

በመዝናኛ መርከብ፣ በተለምዶ ክሩዝ በሚባለው ጉዞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሳፈር ሰው ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ ለምግብ ቤቱ አስተናጋጆች ስንት ልስጥ የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በየብስ ባለ ምግብ ቤት የለመድነው አሠራር መርከብ ላይ እንዳለ አይሠራም፤ ምክንያቱም በዚያ «ጉርሻ» ወይም «ቲፕ» በሚል አንድ ስም የሚጠሩ ሦስት የተለያዩ ክፍያዎች አሉ። የመጀመሪያው ማንም ሳይጠየቅ በየቀኑ በእንግዳው ሂሳብ ላይ የሚመዘገበው የዕለት ጉርሻ ነው። ሁለተኛው መጠጥ ወይም ልዩ ክፍያ ያለው ምግብ በታዘዘ ቁጥር በመቶኛ ተሰልቶ የሚደመረው ነው። ሦስተኛው ደግሞ እንግዳው በገዛ ፈቃዱ ከኪሱ አውጥቶ ለአስተናጋጁ በእጁ የሚሰጠው ነው። ሦስቱን ለይቶ የማያውቅ ተጓዥ ወይ ለአንድ አገልግሎት ሁለት ጊዜ ይከፍላል፣ ወይም ሳያስበው ሲያገለግለው የሰነበተውን ሰው ይጎዳል።

ዋናው የዕለት ጉርሻው ነው። በአሜሪካ ገበያ ላይ በሚሠሩት ትልልቅ ኩባንያዎች ዘንድ ክፍያው በአሁኑ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ይደርሳል፤ በሰፋፊዎቹና ውድ በሆኑት ክፍሎች ለሚያርፉ እንግዶች ደግሞ ከዚያ ጥቂት ከፍ ይላል። የሚታሰበው በክፍል ሳይሆን በሰው ቁጥር ስለሆነ በፍጥነት ይከማቻል። ዕለታዊው መጠን 18 ዶላር ቢሆን ሁለት ሰዎች ለሰባት ሌሊት 252 ዶላር፣ አራት አባላት ያሉት ቤተሰብ ደግሞ 504 ዶላር ይከፍላል። ይህ ገንዘብ በቲኬቱ ዋጋ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይካተት ጉዞውን የሚያቅድ ሰው ከመጀመሪያው በበጀቱ ሊይዘው ይገባል። አስቀድሞ ከቲኬቱ ጋር መክፈልም ይቻላል፤ እንዲህ ያደረገ ሰው በጉዞው መጨረሻ ትልቅ ሂሳብ አይጠብቀውም፣ ኩባንያው እስከዚያ ድረስ መጠኑን ቢጨምርም ብዙውን ጊዜ ጭማሪው አይነካውም።

ገንዘቡ የሚሄደው ወደ ጋራ ቋት ነው። ከዚያም ለዋናው አስተናጋጅ፣ ለረዳቱ፣ ለአዳራሹ ኃላፊ፣ መኝታ ክፍሉን ለሚያጸዳው ሠራተኛ፣ እንግዳው ፈጽሞ ለማያያቸው የወጥ ቤትና የዕቃ ማጠቢያ ሠራተኞች ጭምር ይከፋፈላል። ኩባንያዎቹ የክፍፍሉን ዝርዝር ሁልጊዜ ይፋ አያደርጉም፤ ይህም በእኔ እምነት ሊታረም የሚገባው ጉድለት ነው፤ ከፋዩ ገንዘቡ ለማን እንደሚደርስ የማወቅ መብት አለውና። የሆነ ሆኖ የጋራ ቋት መኖሩ ራሱ ተገቢ ነው። ቁርሱን ከቡፌው አንሥቶ የሚበላ እንግዳ ሳህኑን ማን እንዳነሣለት፣ ጠረጴዛውን ማን እንደወለወለለት ልብ አይልም፤ እነዚያ ሠራተኞች በእጅ በሚሰጥ ጉርሻ ብቻ ቢኖሩ ኖሮ ባዶ እጃቸውን ይቀሩ ነበር።

አሠራሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ቀድሞ በመርከብ ላይ እራት የሚበላው በተወሰነ ሰዓት፣ በተወሰነ ጠረጴዛ፣ በአንድ አስተናጋጅና በአንድ ረዳት አገልግሎት ነበር። እንግዳው ከመጀመሪያው ሌሊት እስከ መጨረሻው የሚያየው እነዚያኑ ሁለት ሰዎች በመሆኑ አስተናጋጁ በሦስተኛው ቀን ማን ሥጋ እንደማይበላ፣ የትኛው ልጅ ለለውዝ አለርጂ እንዳለበት፣ ማን ከምግብ በኋላ ሻይ እንደሚፈልግ ሳይጠየቅ ያውቅ ነበር። የጉዞው መጨረሻ ሲቃረብ መርከቡ ትንንሽ ፖስታዎችን በየክፍሉ ያድላል፤ እንግዳው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የሚሰጠውን በየፖስታው ከቶ በመጨረሻው እራት ላይ እየጨበጠ ያስረክባል። ለዋናው አስተናጋጅ ለአንድ ሰው በቀን ሦስት ዶላር ተኩል ገደማ፣ ለረዳቱ ከዚያ እኩሌታ ገደማ፣ ለአዳራሹ ኃላፊ ደግሞ ከአንድ ዶላር ያነሰ መስጠት የተለመደ ምክር ነበር።

ይህን ልማድ የለወጠው የአመጋገቡ ሥርዓት መለወጥ ነው። ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን የተባለው የመርከብ ኩባንያ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ2000 እንግዶች በፈለጉት ሰዓት በፈለጉት አዳራሽ የሚመገቡበትን አሠራር ሲጀምር፣ ዛሬ ያስተናገደው ሰው ነገ ሌላ ስለሚሆን ፖስታው ለማን እንደሚሰጥ የማይታወቅ ሆነ። ከዚህ የተነሣ በየቀኑ በሂሳብ ላይ የሚመዘገብ ክፍያ መጣ። ሆላንድ አሜሪካ ላይን «ጉርሻ ግዴታ አይደለም» የሚለውን የቆየ መመሪያውን በ2004 ትቶ ወደዚሁ ገባ፤ ሮያል ካሪቢያን ደግሞ በ2013 ተከተለ። ዛሬም ቋሚ ሰዓትና ቋሚ ጠረጴዛ የሚመርጡ እንግዶች ብዙ ናቸው፤ ክፍያው ግን ለእነርሱም በሂሳብ ላይ የሚታሰበው ነው።

እንግዲህ ኩባንያው ለሠራተኞቹ ሙሉ ደመወዝ ከፍሎ ለምን ነገሩን አይዘጋውም? ይህ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ያለው መርከቡ በሚያውለበልበው ባንዲራ ላይ ነው። ከአሜሪካ ወደቦች የሚነሡት ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች አብዛኛዎቹ የተመዘገቡት በባሃማስ፣ በፓናማ፣ በቤርሙዳ ወይም በማልታ ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ሕግ በውጭ አገር ባንዲራ ሥር በሚጓዙ መርከቦች ላይ የሚሠሩ መርከበኞችን ከዝቅተኛ ደመወዝ ድንጋጌው ነጻ ስለሚያደርግ፣ መርከቡ ሚያሚ ቆሞ ቢያድርም በውስጡ ያለው አስተናጋጅ የሚተዳደረው በአሜሪካ የደመወዝ ሕግ አይደለም። በሃዋይ ደሴቶች ዙሪያ የሚሠራው «ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ» ከዚህ የተለየ ነው፤ በአሜሪካ ባንዲራ ስለሚጓዝ ሠራተኞቹም በአሜሪካ ሕግ ሥር ናቸው።

በ2013 በሥራ ላይ የዋለው የ2006 የባሕር ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት ለመርከብ ሠራተኛ በየ24 ሰዓቱ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በየሰባት ቀኑ ደግሞ ቢያንስ 77 ሰዓት ዕረፍት እንዲኖረው ይደነግጋል። ቁጥሩን ገልብጠን ብናየው ሠራተኛው በሳምንት ብዙ ሰዓት በሥራ ላይ ሊውል እንደሚችል እንረዳለን። ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከሕንድና ከሌሎች አገሮች የሚመጡት የምግብ ቤት ሠራተኞች ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር በሚዘልቅ ውል ይቀጠራሉ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሙሉ የዕረፍት ቀን የሚባል ነገር አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም። ቁርስ ያቀረበው ሰው ምሳ ላይም ይታያል፤ የመጀመሪያውን የእራት ዙር ጨርሶ፣ ጠረጴዛውን አንሥቶ፣ ልብሱን ለውጦ ለሁለተኛው ዙር እንግዶች ውኃና ዳቦ ይዞ ይቆማል። የእነዚህ አስተናጋጆች ገቢ ትልቁ ክፍል የሚመጣው ከመነሻ ደመወዛቸው ሳይሆን ከዚያ ከጋራ ቋት ነው። ስለዚህ የዕለት ጉርሻው በስሙ ስጦታ ቢመስልም በተግባር የደመወዝ አካል ነው።

እዚህ ላይ በስሙና በምንነቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማስተዋል ይጠቅማል። የአሜሪካ የገቢዎች መሥሪያ ቤት በ2012 ባወጣው ማብራሪያ አንድ ክፍያ ጉርሻ የሚባለው ያለ ግዴታ የተሰጠ ሲሆን፣ መጠኑን ከፋዩ ያለ ገደብ የወሰነው ሲሆን፣ በድርድር ወይም በአሠሪው መመሪያ ያልተደነገገ ሲሆን፣ እንዲሁም ማን እንደሚቀበለው የመወሰን መብት በጥቅሉ የከፋዩ ሲሆን እንደሆነ ይገልጻል፤ ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ክፍያው የአገልግሎት ክፍያ (ሰርቪስ ቻርጅ) ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። ማብራሪያው የወጣው ለግብር ጉዳይ ቢሆንም ለእኛ ጥሩ መለኪያ ነው። መጠኑን ኩባንያው የወሰነው፣ ተቀባዩንም ኩባንያው የመረጠው ክፍያ ከጉርሻ ይልቅ ሰርቪስ ቻርጅ ለሚባለው ይቀርባል። አንዳንድ ኩባንያዎች በግልጽ የአገልግሎት ክፍያ ብለው ይጠሩታል፤ ይህ አጠራር ለእንግዳው የበለጠ ሐቀኛ ነው።

በብዙ ኩባንያዎች ዘንድ እንግዳው ወደ መርከቡ ሪሴፕሽን ሄዶ የዕለት ጉርሻው እንዲቀነስለት ወይም እንዲነሣለት መጠየቅ ይችላል። «ሁሉንም አስነሥቼ ለወደድኩት አስተናጋጅ በጥሬ ገንዘብ እሰጣለሁ» የሚሉ ተጓዦች አሉ። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመነጨ ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱ ግን የተጠበቀው አይደለም። አንደኛ፣ ከቋቱ ይደርሳቸው የነበሩት የማይታዩት ሠራተኞች ድርሻቸውን ያጣሉ። ሁለተኛ፣ በአንዳንድ ኩባንያዎች ደንብ መሠረት የዕለት ጉርሻውን ካስነሣ እንግዳ በእጅ የተሰጠ ገንዘብ ወደ ጋራው ቋት ገቢ መደረግ ስላለበት ገንዘቡ ለታሰበለት ሰው ብቻ አይቀርም። ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፤ የዕለት ጉርሻውን እንዳለ ተዉት። ሾርባው ቀዝቅዞ ከመጣ፣ ትእዛዙ ከተረሳ ወይም አስተናጋጁ ካመናጨቀ ቅሬታውን በዚያው ምሽት ለአዳራሹ ኃላፊ መንገር ይሻላል፤ ገና ብዙ ቀን ሲቀር የተነገረ ጥፋት ይታረማል፤ በመጨረሻው ቀን በሪሴፕሽን የተቆረጠ ገንዘብ ግን ያጠፋውንም ያላጠፋውንም አብሮ ይቀጣል።

ሁለተኛው ዓይነት ክፍያ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ደረሰኙን በጥንቃቄ ማየት ይበቃል። ባር ላይ የታዘዘ መጠጥ 14 ዶላር ነው እንበል። በደረሰኙ ላይ ከዋጋው ቀጥሎ 18 በመቶ፣ ማለትም 2 ዶላር ከ52 ሳንቲም፣ ተደምሮ 16 ዶላር ከ52 ሳንቲም ይነበባል፤ አንዳንድ ኩባንያዎች 20 በመቶ ያስባሉ። ከዚያ በታች፣ ከፊርማው ቦታ በላይ፣ «ተጨማሪ ጉርሻ» የሚል ባዶ መስመር አለ። የሚያሳስተው ይህ መስመር ነው። በየብስ ያለውን ምግብ ቤት የለመደ እጅ በልማድ ሁለት ሦስት ዶላር ይጽፍበታል፤ አገልግሎቱ ግን ቀድሞ ተከፍሏል። መስመሩን በጭረት ዘግቶ መፈረም ነውር አይደለም፤ ባርማኑም አይቀየምም። የመጠጥ ጥቅል በቅድሚያ የገዛ ሰው ይህንኑ መቶኛ ከጥቅሉ ጋር አብሮ ከፍሏል፤ ልዩ ክፍያ በሚጠይቁት ምግብ ቤቶችም እንዲሁ በሂሳቡ ላይ የሚደመር ወይም በዋጋው የተካተተ ነው። ምግብ ወደ መኝታ ክፍል ሲያስመጡ ግን ሌሊትም ቢሆን ትሪውን ይዞ ለመጣው ሰው ሁለት ወይም ሦስት ዶላር በእጁ መስጠት መልካም ልማድ ነው።

ሦስተኛው፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚሰጠው፣ በእውነት ጉርሻ የሚባለው እርሱ ነው። ግዴታ የለበትም፤ ከላይ ያሉትን ሁለቱን የከፈለ ሰው ምንም ሳይጨምር ቢወርድ ያጎደለው ነገር የለም። ነገር ግን ሳምንቱን ሙሉ የልጁን አለርጂ ሲጠብቅለት የሰነበተ አስተናጋጅ ያጋጠመው ሰው ምስጋናውን በገንዘብ መግለጽ ቢፈልግ ለሰባት ሌሊት ጉዞ ከ20 እስከ 40 ዶላር ለዋናው አስተናጋጅ፣ ከዚያ እኩሌታውን ለረዳቱ መስጠት የሚያኮራ መጠን ነው ብዬ አምናለሁ። ረዳቱ አይረሳ፤ ውኃ የሚሞላው፣ ሳህን የሚያነሣው፣ ከወጥ ቤት እስከ ጠረጴዛ ከባድ ትሪ ተሸክሞ የሚመላለሰው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። ለአዳራሹ ኃላፊ ተጨማሪ የሚሰጠው ለየት ያለ ነገር ካደረገ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ትልቅ ቤተሰብ በአንድ ጠረጴዛ እንዲቀመጥ ካመቻቸ። የሚሰጠው የወረቀት ገንዘብ ይሁን፤ ሠራተኛው በሚደርስበት አገር የሳንቲም መንዛሪ አያገኝምና ሳንቲም ለእርሱ ሸክም ነው።

ይህ ሁሉ የማይመለከታቸው መርከቦችም አሉ። ሲልቨርሲ፣ ሲቦርንና ሪጀንት ሰቨን ሲዝ ጉርሻውን በቲኬቱ ዋጋ ያካትቱታል፤ የእንግሊዙ ፒ ኤንድ ኦ ክሩዝስም በ2019 የዕለቱን ክፍያ ከእንግዶች ሂሳብ አንሥቶ በዋጋው ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ ከመሳፈር በፊት የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ልስጥ» ሳይሆን «በከፈልኩት ውስጥ አለበት ወይስ የለበትም» የሚለው ነው።

ከገንዘብ ሌላ ለአስተናጋጁ ትልቅ ጥቅም ያለው ነገር አለ። ኩባንያዎቹ በጉዞው ማብቂያ ለእንግዶች መጠይቅ ይልካሉ፤ በዚያ ላይ በስሙ የተመሰገነ ሠራተኛ ምስጋናው በአለቆቹ ዘንድ ይታይለታል፣ ለዕድገትም ይረዳዋል። ስሙ በደረቱ ላይ ተጽፏል፤ በመጨረሻው ቀን ከመርሳት አስቀድሞ በማስታወሻ መያዝ ነው። ምስጋናው ግን ከጉርሻው ጋር ይሂድ እንጂ ጉርሻውን አይተካ።

ጊዜውንም በሚመለከት፣ በእጅ የሚሰጠው በመጨረሻው እራት ላይ ቢሰጥ ይመረጣል። በመውረጃው ቀን ጠዋት አዳራሾቹ በችኮላ የተሞሉ ናቸው፤ የሳምንቱ አስተናጋጅ በሌላ አዳራሽ ተመድቦ ሊሆን ይችላል፣ ፖስታውን ይዞ ሻንጣ እየጎተተ የሚፈልገውም እንግዳ ሳያገኘው ይወርዳል። ከእራት በኋላ፣ ጠረጴዛው ሲነሣ፣ በስሙ ጠርቶ መስጠት ነው።