የጎንደር ጤና ሠራተኞች የሥራ ላይ ደህንነትና የመደራጀት መብት

ጎንደርና የጤና ሥራ የቆየ ትውውቅ አላቸው። የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው እዚህ ነው። ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ሳኒታርያኖች (የአካባቢ ንጽህና ባለሙያዎች) በቡድን ሠልጥነው ወደ ገጠር ይወጡ ነበር። ያ ኮሌጅ አድጎ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ዛሬም ከደንቢያ፣ ከወገራና ከመተማ የሚመጣውን ሕመምተኛ ይቀበላል። በከተማዋ ጤና ጣቢያዎችና የግል ክሊኒኮችም አሉ። እዚህ የምናነሳው ግን የሚታከመውን ሳይሆን የሚያክመውን ሰው ነው። ዋርዱን የምትጠርገውንም ጭምር።

ከአደጋዎቹ ሁሉ ባለሙያው አዘውትሮ የሚያነሳው መርፌ ነው። ያገለገለ መርፌ መልሶ ሲከደን ይወጋል። የሞላ ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሳጥን) ውስጥ ሌላ መርፌ ሲጠቀጠቅም ይወጋል። ሳጥኑ ሦስት አራተኛው ሲሞላ መዘጋት ነበረበት። በተበከለ መርፌ የተወጋና ያልተከተበ ሰው ጉበትን በሚያጠቃው ሄፓታይተስ ቢ የመያዝ ዕድሉ እስከ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ኤችአይቪ ላይ ይህ ዕድል 0.3 በመቶ ገደማ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው ግን ሁለተኛውን ነው፤ ለመጀመሪያው ደግሞ ክትባት አለው። ክትባቱ 3 ጊዜ የሚሰጥ ሲሆን በ6 ወር ውስጥ ያልቃል። ለኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን ይወሰዳል። ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ተወግቶ ዝም የሚል ባለሙያ ብዙ ነው፤ «የምርመራ ውጤቴ ይወራል» ብሎ ይሰጋል። ምስጢር የሚጠበቅበት አሠራር ከሌለ መድኃኒቱ በመደርደሪያ ላይ መኖሩ ብቻ አይጠቅመውም።

ይህ ጉዳይ ጎንደር ላይ የራሱ ክብደት አለው። ወደ መተማና ሁመራ እርሻዎች ለቀን ሥራ የሚወርዱ ወጣቶች ካላ አዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ) ይዟቸው ይመለሳሉ። ከእነሱ መካከል ኤችአይቪ ያለባቸውም አሉ። የካላ አዛር የተለመደው ሕክምና ለ17 ቀን በየዕለቱ ሁለት ዓይነት መድኃኒት በመርፌ መስጠት ነው። እንግዲህ ዋርዱ ውስጥ 10 እንዲህ ያሉ ታካሚዎች ካሉ፣ ነርሷ በአንድ ቀን ለእነሱ ብቻ 20 መርፌ ትወጋለች ማለት ነው።

የውሃ ችግርም አለ። ከተማዋ ከአንገረብ ግድብ የምታገኘው ውሃ ፍላጎቷን ሳያረካ ቆይቷል። ቧንቧ በደረቀ ቀን «እጅህን ታጠብ» የሚለው መመሪያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። የሳንባ ነቀርሳ በሚታከምበት ክፍል መስኮት መክፈትና ትክክለኛውን ማስክ ማግኘት፣ ኤክስሬይ ክፍል ጨረር የሚከላከል የእርሳስ (ሊድ) ሽርጥ መልበስ፣ ከባድ ታካሚ ለሁለት ማንሳት፣ ሁሉም የዚሁ ጉዳይ አካል ናቸው። የሌሊት ዱቲም ድካም ብቻ አይደለም። በሐዘን የተቆጣ አስታማሚ እጁን የሚያነሳበት ጊዜ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ደግሞ ባጃጅ በሌለበት ሰዓት ወደ ሥራ መግባትና መውጣት ራሱ ስጋት ሆኗል።

ሕጉ ምን ይላል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢን የሠራተኛ መብት አድርጎታል። ከዚያ በታች ግን መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የግል ክሊኒክ ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይተዳደራል። ቢያንስ 10 አባል ካለ ሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ማኅበሩ በሠራተኞቹ ስም ከአሠሪው ጋር የጽሑፍ የኅብረት ስምምነት ይደራደራል፤ የሥራ ደህንነትም አንዱ የመደራደሪያ ነጥብ ነው። አሠሪው የአደጋ መከላከያ የማቅረብና የደረሰውን አደጋ የመመዝገብ ግዴታ አለበት። የሥራ ማቆም አድማ ግን ለሆስፒታል፣ ለክሊኒክና ለመድኃኒት ቤት አልተፈቀደም።

የመንግሥት ሆስፒታል ነርስ ግን የሲቪል ሰርቪስ ሕግ ነው የሚገዛት። የሙያ ማኅበር አላት። ሆኖም የሙያ ማኅበር አሠሪን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የኅብረት ስምምነት የማስፈረም ሥልጣን የለውም። በ2011 እና በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ድምፃቸውን ሲያሰሙ ይህ ክፍተት ጎልቶ ታይቷል። እኔ እንደማምነው፣ አድማ በተከለከለበት ሙያ የመደራደሪያው መድረክ ከሌላው ሙያ ይልቅ ጠንካራ መሆን ነበረበት።

የጽዳት ሠራተኞች ጉዳይ ለየት ይላል። በኤጀንሲ በኩል የምትቀጠር ጽዳት ሠራተኛ የመንግሥት ሆስፒታል ብትጠርግም አሠሪዋ የግል ድርጅት ስለሆነ የሚመለከታት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ነው። ስለዚህ መደራጀት ትችላለች። ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ተሸሽጎ የሚወጋው መርፌ የሚያገኘው እሷን ነው። ኤጀንሲው ከሆስፒታሉ ጋር ሲዋዋል ወፍራም ጓንት፣ ቦት ጫማና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በማን ወጪ እንደሚሆን በጽሑፍ መስፈር አለበት፤ ክትባቱም መጥረጊያውን ከማንሳቷ በፊት መጀመር አለበት።