በአንድ ሩጫ ብዙ ፈረስ መያዝ፦ ብሩ እንዴት ይከፈላል?

አዳማ ላይ ፈረስ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው ጋሪ ነው። በቤቲንግ ቤቶች ስክሪን ላይ ደግሞ ሌላ ፈረስ አለ፤ በኮምፒውተር የተሠራ፣ በየጥቂት ደቂቃው የሚሮጥ። አንድ ፈረስ ይዞ መበላት የሰለቸው ሰው ሁለት ሦስት መቁረጥ ይጀምራል። በእውነተኛው የፈረስ ውድድር ይህ የቆየ ልማድ ነው፤ እንግሊዞች ደችንግ ይሉታል።

ብዙ ሰው የሚያደርገው በሁሉም ላይ እኩል ብር መጣል ነው። ቀላል ነው፣ ግን ወጥመድ አለው። በአራት ፈረስ ላይ 50፣ 50 ብር አስይዘህ 2.50 ኦድ (ያስያዝከው ብር የሚባዛበት ቁጥር) ያለው ቢያሸንፍ የሚመለስልህ 125 ብር ነው። ያወጣኸው 200። ፈረሱ አሸንፎ አንተ 75 ብር ከሰርክ!

ደችንግ ይህን ያስተካክላል። የትኛውም ቢያሸንፍ የሚመለሰው ብር እኩል እንዲሆን፣ የምትፈልገውን ክፍያ ለእያንዳንዱ ኦድ ታካፍላለህ። 200 ብር እንዲመለስ ፈለግህ እንበል። ኦዳቸው 4.00፣ 5.00 እና 10.00 በሆኑ ፈረሶች ላይ 50፣ 40 እና 20 ብር ትጥላለህ። ወጪህ 110፣ ከሦስቱ አንዱ ካሸነፈ ትርፍህ 90 ብር ነው። ሌላ ባለ 4.00 ፈረስ ብትጨምር ወጪው 160 ይደርሳል፣ ትርፉ ወደ 40 ይወርዳል። ባለ 5.00 ሌላ ጨመርክ? 200 አውጥተህ 200 ታገኛለህ። ሁሉንም ፈረስ ከያዝክ ደግሞ ኪሳራህ የታወቀ ነው፤ አቋማሪው ኦዱን ሲያወጣ የራሱን ድርሻ አስቀድሞ ቀንሷልና።

ሦስተኛው መንገድ ማካካሻ ነው። ዋናውን ብር ባመንክበት ፈረስ ላይ ትጥላለህ፤ በምትፈራው ላይ ደግሞ ወጪህን ብቻ የሚመልስ። ባለ 2.50ው ላይ 50፣ ባለ 6.00ው ላይ 10 ብር ብትጥል፣ የመጀመሪያው ሲያሸንፍ 65 ብር ታተርፋለህ፤ ሁለተኛው ሲያሸንፍ 60 ብርህ ይመለሳል። በእኔ እይታ ከሁሉም ይሄኛው ይሻላል። ቢያንስ ሰውየው የትኛውን ፈረስ እንደሚያምን እንዲወስን ያስገድደዋል።

ግብርም አለ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ሲወጣ በዕድል ጨዋታ በተገኘ ገቢ ላይ 15 በመቶ ጥሎ ነበር፤ ከ1,000 ብር በታች የሆነ አይነካም ነበር። ግብሩ የሚታሰበው ኪሳራ ሳይቀነስ ነው። ለደችንግ ይህ ከባድ ነው፣ ምክንያቱም የተቃጠሉት ትኬቶች አይታሰቡልህም። ከላይ በ160 ብር የተያዙትን አራት ፈረሶች በአሥር እጥፍ ብትይዝ 1,600 አውጥተህ 2,000 ታገኛለህ። በዚያ 15 በመቶ ግብሩ በሙሉው ክፍያ ላይ ከታሰበ 300 ብር ይሄዳል። 400 የነበረው ትርፍ 100 ሆነ ማለት ነው።

እውነተኛ ውድድር ላይ ዘዴው መነሻ አለው። ፈረሱ ባለፈው እንዴት ሮጠ፣ ሜዳው ረጥቧል ወይ፣ ጋላቢው ማነው ብሎ የሚያጠና ሰው ኦዱ የተሳሳተበትን ፈረስ ሊያገኝ ይችላል። የስክሪኑ ፈረስ ግን ሜዳም ጋላቢም የለውም። አሸናፊውን የሚያወጣው የዕጣ ቁጥር የሚያመነጭ ፕሮግራም ነው፣ ያለፈው ሩጫ ለሚቀጥለው ምንም አይነግርም። ስለዚህ እዚህ ብሩን መከፋፈል የሚለውጠው ምን ያህል ጊዜ እንደምታሸንፍ ነው። አቋማሪው ቤት በኦዱ ውስጥ የያዘው ድርሻ ንቅንቅ አይልም።