ኤንኤልአር ምንድን ነው? ምን እንዳልሆነስ?

የሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ የሚልክልኝ ሰው በዝቷል። «ኤንኤልአሬ 1.8 ነው፣ በሽታው ተኝቷል ማለት ነው?» አለኝ ሰሞኑን አንዱ ልጅ። አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይትስ የሚባለው የአከርካሪና የዳሌ መገጣጠሚያ ብግነት አለበት።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ኋላ ገባኝ። አንድ አስተያየት ሰጪ «ኒውትሮፊላችሁን ለሊምፎሳይታችሁ አካፍሉ፤ ከ3 በታች ከሆነ መድኃኒት ምን ያደርጋል» ብሎ መክሯል። ወንድሜ፣ ማካፈሉ ልክ ነው፤ ሁለቱም የነጭ የደም ሴል ዓይነቶች ናቸው፣ ኤንኤልአር ማለትም ይኸው ሒሳብ ነው። ጥናቶች ላይም የታማሚዎች አማካይ ከጤነኞቹ ከፍ ብሎ ታይቷል። ግን የብዙ ሰው አማካይ ሌላ፣ የአንድ ሰው ወረቀት ሌላ።

ድሬ ላደገ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ደቻቱ ወንዝ የሚሞላው ከተማው ላይ ስለዘነበ አይደለም። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ከዋክብት እየታዩ፣ ደጋው ላይ የወረደው ዝናብ ግን እየጎረፈ ነው። የ1998ቱም ጎርፍ በሌሊት የመጣው ከደጋው ነው። የደም ምርመራ የከተማው ሰማይ ነው፤ ብግነቱ ያለው ደግሞ ደጋው ላይ፣ ዳሌና አከርካሪ በሚገናኙበት መገጣጠሚያ። ኤንኤልአር ይቅርና ሲአርፒና ኢኤስአር የሚባሉት የብግነት የደም ምርመራዎች እንኳ በሽታው እየነደደ ኖርማል የሚሆኑባቸው ብዙ ታማሚዎች አሉ። ኤምአርአይ ደጋው ድረስ ወጥቶ እንደማየት ነው።

ግልባጩም አለ። ከተማው ስለደመነ ደቻቱ ይሞላል ማለት አይደለም። የጥርስ እብጠት ኤንኤልአርን ያወጣዋል። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ብግነት አብራጅ የሚወስድ ሰውማ በመድኃኒቱ ብቻ ኒውትሮፊሉ ይወጣል፣ ሊምፎሳይቱ ይወርዳል። የዴንጊ ትኩሳት ሲገባ ደግሞ ነጭ የደም ሴሉ ይወርዳል፣ ሒሳቡ ሁሉ ይዘበራረቃል።

ያቺ 3 ደግሞ ለእኛ የተሰመረች አይደለችም። ብዙ ኢትዮጵያውያን ኒውትሮፊላቸው በተፈጥሮው ዝቅ ይላል፣ በሽታም አይደለም። ተካፋዩ ሲያንስ ውጤቱም ያንሳል።

ላብ ውስጥ ስለምውል ሳልጠየቅ አንድ ልጨምር። ኢኤስአር ሙቀት አይወድም። በድሬ ግንቦት፣ ማቀዝቀዣ በሌለው ክፍል፣ ቱቦው ትንሽ ዘንበል ካለማ ቁጥሩ ያለ በሽታ ይወጣል። ደም ማነስም ያወጣዋል።  ሌላም አለ፦ ያልተፈላ የግመል ወይም የፍየል ወተት የምትጠጡ፣ በወተቱ የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስም ያንኑ የዳሌ መገጣጠሚያ ስለሚይዝ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

ሐኪሞቹ የሚጠቀሙበት አስዳስ የሚባለው ልኬትም ቢሆን ሲአርፒን ብቻውን አያምንም። የጀርባ ሕመሙን፣ የሌሎች መገጣጠሚያዎችን ሕመምና እብጠት፣ ታማሚው በጠቅላላ የሚሰማውን፣ ጠዋት ሰውነት ደርቆ የሚቆይበትን ጊዜ ይጠይቅና አንድ ላይ ያሰላል። ከ1.3 በታች ሲሆን ነው «ተኝቷል» የሚባለው።

ልጁን «ጠዋት ጀርባህ እስኪላቀቅ ምን ያህል ይቆያል?» አልኩት።

«አንድ ሰዓት ተኩል ያህል» አለኝ። «ወረቀቱ ግን ጥሩ ነው።»