አትክልት አልጫ፦ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ድንች በአንድ ድስት

በጾም ቀን በያይነቱ ሲቀርብ የብዙ ሰው እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሽሮው ወይም ወደ ምስሩ ነው። ቢጫ ብሎ ዳር ላይ የተቀመጠው አትክልት እንደ ማሟያ ይታያል። እኔ ግን የአንድን ቤት የጾም ሙያ የምለካው በእሱ ነው። ሽሮ ጥሩ ከተቀመመ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ምስርም በርበሬና ቁሌት ይሸከሙታል። አትክልት አልጫ ግን መደበቂያ የለውም። ጎመኑ ከረጠበ ይታያል፣ ድንቹ ከፈረሰ ይታያል፣ ካሮቱ ካልበሰለ ጥርስ ላይ ይታወቃል።

አትክልት አልጫ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ድንች በዘይትና በሽንኩርት የሚሠራ፣ እርድ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የሚገባበት፣ በርበሬ የሌለው ምግብ ነው። አንዱ «አትክልት ወጥ» ይለዋል፣ ሌላው «ጥቅል ጎመን»፣ ብዙው ሰው ደግሞ ዝም ብሎ «አትክልት»። ወጥ ቢባልም መረቅ የለውም። በእንጀራ ለብቻው ይበላል፣ ከሌላ ወጥ ጋር ማባያ ይሆናል፣ በዳቦም ያስኬዳል።

ዋና ቦታው የጾም ማዕድ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ 15 ቀን ይጾማል፣ የገና ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። በእነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የለም። ታዲያ ይህን ያህል ቀን በጥራጥሬ ብቻ መግፋት ይከብዳል። አትክልቱ ለሽሮና ለምስር እረፍት ነው፤ ቀለል ይላል፣ ጣፈጥ ይላል፣ በርበሬ የማይችሉ ልጆችና አዛውንቶችም ይበሉታል። ለቅሶ ቤትም ሆነ ሰንበቴ ላይ፣ ቀኑ ጾም ከሆነ በእድሩ ትልቅ ድስት ሲሠራ ታገኙታላችሁ። ጾም ባልሆነ ቀን በዘይቱ ፈንታ ንጥር ቅቤ የሚያደርጉበት ቤቶች አሉ፣ ሥጋ የሚጨምሩበትም አሉ።

ይህን ያህል የኛ የሆነ ምግብ ዋና ዋና አትክልቶቹ ከውጭ የመጡ ናቸው። ድንች አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በአንዲስ ተራሮች፣ በቲቲካካ ሐይቅ ዙሪያ የለመደ ተክል ነው። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የእጽዋት ተመራማሪ ዊልሄልም ሺምፐር እንደሆነ፣ ዘመኑም 1858 እ.ኤ.አ. እንደሆነ በሰፊው ይጠቀሳል። ሺምፐር ብዙ ዕድሜውን በሰሜን ኢትዮጵያ ያሳለፈ፣ አድዋ ላይ ያረፈ ሰው ነው። ገበሬው ድንቹን ቶሎ አልተቀበለውም። በስፋት የተያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ክፉ ቀን የሚባለው ታላቁ ረሃብ ከመጣ በኋላ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ድንች በ3 እና በ4 ወር ይደርሳል፤ እህሉ ገና ማሳ ላይ እያለ፣ ጎተራው ባዶ በሆነበት ሰሞን ከመሬት ይወጣል።

ዛሬ ጎጃም፣ ደቡብ ጎንደር፣ ምሥራቅ ሐረርጌ፣ የሻሸመኔ ዙሪያና የጋሞ ደጋ ድንች በብዛት የሚያመርቱ አካባቢዎች ናቸው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው የሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ለገበሬው አውጥቷል። ጃለኔ በ2002 እ.ኤ.አ.፣ ጉደኔ በ2006፣ በለጠ በ2009 ወጥተዋል። ገበያ ላይ ግን ሻጩን ዝርያውን ብትጠይቁት የሚነግራችሁ የመጣበትን አገር ነው። ስለዚህ በእጅና በዓይን መምረጥ ያስፈልጋል። ለአልጫ የሚሆነው መካከለኛ፣ ጠንከር ያለ፣ ቆዳው ያልተሸበሸበ ድንች ነው። ሲቀቀል የሚፈረካከሰው ዓይነት ለሾርባ ያገለግላል፤ እዚህ ግን ጎመኑን ያቦካዋል። አረንጓዴ የሆነውን ተዉት። ብርሃን የመታው ድንች ሶላኒን የሚባል መርዛማ ነገር ያበዛል፣ እሱም በማብሰል አይጠፋም። ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ በጥልቀት ቆርጦ ማውጣት ነው።

ጥቅል ጎመን ሲነሳ ከመጠኑ በላይ ከበድ ማለት አለበት። ጫን ሲሉት የማይሰረጉድ፣ ቅጠሉ ጥብቅ ያለ ይመረጣል። ላላ ያለው ውስጡ ባዶ ነው፣ ሲበስልም ቶሎ ይሟሽሻል። አዲስ አበቤ ድሮ ይህን ሁሉ ለመግዛት ፒያሳ አትክልት ተራ ይወርድ ነበር። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፣ ኋላም ወደ ሀይሌ ጋርመንት ሄደ። አሁን አብዛኛው ሰው ከሰፈር ጉልት ነው የሚሸምተው።

ለ5 ወይም ለ6 ሰው 1 ኪሎ የሚሆን ጥቅል ጎመን፣ 4 ካሮት፣ 5 መካከለኛ ድንች፣ 2 ራስ ቀይ ሽንኩርት ይበቃል። ዘይት አንድ የቡና ሲኒ። ነጭ ሽንኩርት 5 ፍሬ፣ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ 2 ወይም 3 ቃሪያ፣ ጨው። ከዚህ በላይ ቅመም አያስፈልገውም። የሾርባ ኪዩብ የሚጨምሩ አሉ፤ የኪዩቡ ጣዕም የካሮቱን ጣፋጭነት ስለሚሸፍነው እኔ አልመክረውም።

አቆራረጡ የማብሰል ያህል ነው። ካሮት ለመብሰል ስለሚዘገይ ቀጠን ይላል፤ የጣት ጫፍ ያህል ርዝመት፣ የእርሳስ ውፍረት። ድንቹ ወፈር ይላል፤ መካከለኛው ድንች 6 ቦታ ቢከፈል ይበቃዋል። ጎመኑ ግንዱ ወጥቶ በሁለት ጣት ስፋት ይቆረጣል። እንደ ሰላጣ የደቀቀ ጎመን ድስት ውስጥ ይጠፋል። የተላጠው ድንች እንዳይጠቁር ውሃ ውስጥ ይቆይ፣ ድስት ሲገባ ግን ውሃው በደንብ ይንጠፍጠፍ።

አሁን ወደ ምድጃው። ሽንኩርቱ በቁመቱ ይከተፍና በዘይቱ በመካከለኛ እሳት ይቁላላ። እዚህ ላይ ከቀይ ወጥ ቁሌት ይለያል። ለቀይ ወጥ ሽንኩርቱ እስኪጠይም ይጠበቃል። ለአልጫ ግን ለስለስ ብሎ ማብረቅረቅ ሲጀምር ይበቃዋል፤ ከጠየመ የአልጫው ቢጫ ይበላሻል። ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ግማሹ ይግባ፣ እርዱም አብሮ። እርድ ቀለሙን የሚለቀው በዘይት ነው። መጨረሻ ላይ ከተነሰነሰ አንዱን ድንች አቅልሞ ሌላውን ይተወዋል፣ የጥሬ እርድ ሽታም ይቀራል።

ቀጥሎ ካሮቱ ይገባል። ለ7 ደቂቃ ያህል በዘይቱ እየተገላበጠ ይቆይ። ዘይቱ ብርቱካናማ መልክ ሲይዝ ድንቹ ይጨመራል። ግማሽ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ፣ ትንሽ ጨው፣ ክዳን። ከዚህ ሁሉ ሂደት ውሃ የሚፈቀደው እዚህ ጋ ብቻ ነው። ድንቹ በቢላ ሲወጋ ጫፉ ገብቶ መሃሉ ላይ እንቢ ካለ፣ የጎመኑ ሰዓት ደርሷል።

ጎመኑ ሲገባ ድስቱ ሞልቶ ክዳኑ አልገጥም ይላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይሄኔ ነው። «ይህ ሁሉ ጎመን ያለ ውሃ እንዴት ይበስላል?» ብሎ አንድ ጆግ ያንቆረቁርበታል። ጥቅል ጎመን ከ10 እጅ 9ኙ ውሃ ነው። ላዩ ላይ ጨው ነስንሳችሁ፣ ክዳኑን ጫን አድርጋችሁ፣ እሳቱን ቀንሳችሁ 5 ደቂቃ ታገሱት። ክዳኑን ስትከፍቱ ጎመኑ ግማሽ ወርዶ፣ ከስሩ የራሱ ውሃ ፍልቅልቅ ሲል ታዩታላችሁ። በዚያ በገዛ ውሃው ይብሰል። የቀረው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አሁን ይግባ። ማማሰያውን ከስር ወደ ላይ በቀስታ አንሱት እንጂ አታማስሉ፤ ድንቹ ይፈርሳል። ከሌላ 10 ደቂቃ ገደማ በኋላ ክዳኑ ይነሳና የቀረው ውሃ ይምጠጥ። ድስቱ ከመውረዱ በፊት ቃሪያው ተሰንጥቆ ላዩ ላይ ጣል ይደረጋል።

ውሃ ላይ ይህን ያህል የማከረው በያይነቱ ላይ የጎረቤት ጉዳይ ስላለ ነው። ውሃ የያዘ አትክልት እንጀራው ላይ ሲቀመጥ ሥሩን ያርሰዋል፣ ከዚያ ወደ ሽሮውና ወደ ቀይ ስሩ ይሄዳል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ትሪው መሃል እንጀራው ይቀደዳል። ደረቅ ብሎ፣ ዘይቱ ብቻ ወዝ ሰጥቶት የወጣ አልጫ ቦታውን ይዞ ይቆያል።

ቲማቲም የሚያስገቡም አሉ። ጣዕሙ መጥፎ አይደለም፣ ጊዜው ግን መታወቅ አለበት። ኮምጣጣ ነገር የድንችን ሥጋ አጠንክሮ ስለሚይዘው፣ ቲማቲሙ ቀድሞ ከገባ ድንቹ ሰዓት ቢሰጠውም አልላላ ይላል። ድንቹ በስሎ ካበቃ በኋላ ይግባ። ጎመኑ ደግሞ ከመጠን በላይ ከቆየ ያ የታወቀው ከባድ ሽታ ይመጣል፤ ድኝ ያለባቸው ነገሮች ሲበታተኑ የሚፈጠር ነው። ቶሎ ማውረድ እንጂ ቅመም መጨመር አያስተካክለውም።

ውጭ አገር ያሉ ወገኖች ብዙ ጊዜ «እንደ አገር ቤቱ አልሆነልኝም» ይላሉ። አንዱ ምክንያት ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ግን 100 ዲግሪ ይደርሳል። እናት በስልክ የነገሯት ደቂቃ እዚያ ያለችውን ልጅ ድንቹን ያፈርስባታል። ስለዚህ ደቂቃውን ቀንሶ በቢላ መፈተን ነው። ሌላው የድንቹ ዓይነት ነው። ራሰት የሚባለው ትልቁ የአሜሪካ ድንች ዱቄት ስለሚበዛው ይፈርሳል፤ ቀዩ ወይም ዩኮን ጎልድ የሚባለው ቢጫው የተሻለ ቅርጽ ይይዛል። እዚያ ባሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ሜኑ ላይ ይህ ምግብ አብዛኛውን ጊዜ «ጥቅል ጎመን» ተብሎ ይገኛል።

የቅርብ ዘመዶቹም ብዙ ናቸው። ፎሶሊያ ከካሮትና ከሽንኩርት ጋር፣ ውሃ ሳይበዛበት የሚሠራ ነው። ድንች በበርበሬ ቁሌት ሲሠራ ድንች ወጥ ይሆናል፣ ያኔ መረቅ ይፈቀድለታል። ቀይ ስር በድንች ለየብቻ ተቀቅሎ፣ በሎሚና በዘይት ተለውሶ በቀዝቃዛው ይቀርባል። ቅቅል ድንች በዳጣ ወይም በሚጥሚጣ ደግሞ የመንገድ ዳር መክሰስ ነው።

ለገንቢነቱም ቢሆን ጥሩ ነው። ካሮቱ ውስጥ ያለውን፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ንጥረ ነገር ለመውሰድ ቅባት ያስፈልጋል፤ ሲኒዋ ዘይት እዚህ ሥራ አላት። ፕሮቲኑ ግን ትንሽ ስለሆነ ከምስር ወይም ከሽሮ ጋር ቢበላ ይመረጣል።

የተረፈው በክዳን ፍሪጅ ውስጥ ለ2 ቀን ይቆያል። ሲሞቅ ውሃ አይጨመርበት፤ በዝግታ እሳት፣ ተከድኖ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይገልበጥ። ጠዋት ዳቦ ከፍቶ ውስጡ መጨመርም ይቻላል፣ ለተማሪ ምሳ ዕቃም አይፈስም። ጥሬውን ድንች ግን ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡ፤ ቅዝቃዜው ስታርቹን ወደ ስኳር ስለሚለውጠው ይጣፍጣል፣ ሲጠበስም ይጠቁራል። ጨለማና ነፋሻ ቦታ፣ ከሽንኩርቱ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው።