የጤና ዳሰሳና የራስ እንክብካቤ ልኬት በቱርክ

በቱርክ የአዋቂዎችን ጤና የሚያጠኑ አገር አቀፍ ዳሰሳዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ጠይቀው የሚመዘግቡና ለክተው የሚመዘግቡ። የሁለቱን ቁጥር በአንድ ሰንጠረዥ ማደባለቅ በቀላሉ የሚፈጸም ስህተት ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጠያቂዎቹ ዋናው የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ተቋም በ2008 የጀመረው የቱርክ የጤና ጥናት ነው። እስከ 2016 በየሁለት ዓመቱ፣ ከዚያም በ2019 እና በ2022 ተካሂዷል። በወታደር ካምፕ፣ በእስር ቤትና በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ ሰዎች አይካተቱም። በመሆኑም ያለ ረዳት መታጠብና መልበስ የማይችሉ አረጋውያን ድርሻ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል።

ቁመትና ክብደትም የሚመዘገቡት ተጠያቂው እንደተናገረው ነው። በ2016ቱ ጥናት ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው 19.6 በመቶ ነበሩ። በ2017 ተመሳሳይ ዕድሜ ላይ ያሉትን ሰዎች በሚዛንና በሜትር የለካው የስቴፕስ ዳሰሳ (በዓለም ጤና ድርጅት ዘዴ የተሠራ ጥናት) ግን 28.8 በመቶ አገኘ። ልዩነቱ በሙሉ ከአነጋገር የመጣ ነው ባይባልም ትንሽ ማስተካከል ብዙ ይለውጣል፦ ቁመቱ 168 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 86 ኪሎ የሆነ ሰው የውፍረት መለኪያው (ክብደት በኪሎ፣ በሜትር ለተለካ ቁመት ካሬ ሲካፈል) 30.5 ይሆናል፤ «171 ነኝ፣ 84 እመዝናለሁ» ቢል 28.7 ሆኖ ከልክ ያለፈ ውፍረት ከሚጀምርበት ከ30 መስመር በታች ይወርዳል። ስኳር ላይ ደግሞ መጠየቅ ጨርሶ አይበቃም። በ2010 ዕድሜያቸው 20 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን ደም የመረመረው ሁለተኛው ቱርዴፕ የተባለ አገር አቀፍ የስኳር በሽታ ጥናት 16.5 በመቶው ስኳር እንዳለባቸው አሳየ፤ ግማሽ ያህሉ በሽታውን አያውቁትም ነበር።

የራስ እንክብካቤ ልኬት፣ ማለትም ሰው ጤናውን በራሱ ለመጠበቅ ያለውን አቅም መለካት፣ ከእነዚህ የተለየ፣ በነርሲንግ ምርምር ውስጥ ያደገ ዘርፍ ነው። በቱርክ በብዛት የሚሠራበት በ1979 በአሜሪካ የወጣው የራስ እንክብካቤ አቅም መለኪያ የቱርክኛ ቅጂ ነው። 35 ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይመለሳል፣ ከፍተኛው ድምር 140 ነው። ስምንቱ (3፣ 6፣ 9፣ 13፣ 19፣ 22፣ 26 እና 31) አሉታዊ ስለሆኑ ነጥባቸው ተገልብጦ፣ ማለትም ከ4 ተቀንሶ ይደመራል። ይህ ከተረሳ በሁሉም ጥሩ መልስ የሰጠ ሰው 140 ሳይሆን 108 ያገኛል። ምልክቱም አይሰወርም፤ የነዚያ ጥያቄዎች ትስስር ከጠቅላላ ድምሩ ጋር አሉታዊ ሆኖ ይወጣል።

ነጥቡ የሚያሳየው ሰውየው አለኝ የሚለውን አቅም እንጂ በየቀኑ የሚያደርገውን አይደለም። መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰዱን ማወቅ የፈለገ ተመራማሪ የቀረውን እንክብል ቢቆጥር ይሻለዋል። ማንበብ ለማይችሉ አረጋውያን ጥያቄው ድምፅ ተሰጥቶት ሲነበብ፣ በተለይ አንባቢዋ የራሳቸው ነርስ ከሆነች፣ መልሱ ወደሚያስመሰግነው ያዘነብላል፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ቢያነብላቸው ይመረጣል። አንድ ሆስፒታል ውስጥ ከተገኙ ሕሙማን የተሰበሰበ አማካይም የዚያ ሆስፒታል ሕሙማን አማካይ ነው፤ «የቱርክ አዋቂዎች» ተብሎ አይጻፍም።