«ፍቅርና ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው» ሲባል ጭንቁ ምንድን ነው?

ይህን አባባል የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ይኖራል ብዬ አላስብም። አንዳንዱ «ጉርሻና ፍቅር ካላስጨነቀ አያምርም» ይላል፣ አንዳንዱ «ፍቅርና ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው» ብሎ ያሳጥረዋል። ሰሞኑን ግን አጠቃቀሙ እያናደደኝ ነው። እዚሁ ጅማ፣ ከመርካቶ ወደ ቤት ስመለስ፣ ባጃጅ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ስለ ፍቅረኛው ለጓደኛው ያወራል። ስልኳን ከፍቶ የተጻጻፈችውን ያነባል። ከጓደኞቿ ጋር ቡና ልትጠጣ ከወጣች አሁንም አሁንም ይደውላል። የምትለብሰውንም እሱ ነው የሚመርጠው። ጓደኛው «አልበዛም እንዴ?» ሲለው «ባክህ፣ ፍቅርና ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው» አለና ወሬውን ዘጋው። ጓደኛውም ዝም አለ። ተረት ከተጠቀሰ በኋላ ማን ይከራከራል?

እኔ እከራከራለሁ።

መጀመሪያ ጉርሻ ስንል ዛሬ ስንት ነገር ማለታችን እንደሆነ ልብ በሉ። ምግብ ቤት ለአስተናጋጇ የምንተውላት ገንዘብ ጉርሻ ነው። ከደመወዝ ሌላ የሚሰጥ ቦነስንም ጉርሻ የሚሉት አሉ። ወፍጮ እህል ይጎርሳል፣ ጠመንጃ ጥይት ይጎርሳል። ጉዳዩ ቶሎ እንዲያልቅለት የፈለገ ባለጉዳይም «ትንሽ ላጉርሰው» ይላል። ይሄኛው ጉቦ ነው፣ ስሙን አሳምረውለት ነው እንጂ። ተረቱ የሚያወራው ግን ከገበታ ተነስቶ በእጅ ወደ ሰው አፍ ስለሚሄደው ነው። እሱን ለመረዳት ደግሞ ገጠር መውረድ ያስፈልጋል።

ያደግሁት ማና ወረዳ ነው፣ ከጅማ ብዙም የማይርቅ የቡና አገር። ጥቅምት ገብቶ ቡናው መቅላት ሲጀምር መንደሩ በሙሉ ቡና ውስጥ ይውላል፣ እስከ ታኅሣሥ ድረስ። ለቀማው በደቦ ነበር። ዛሬ የአንዱ ማሳ፣ ነገ የሌላው። ደቦ የጠራው ቤት ምሳ ያበላል፣ ቡና ያፈላል። ክፍያው እሱ ነው።

ቡና ለቅሞ የማያውቅ ሰው የማይገምተው ነገር አለ። የቀላ ቡና ይጣፍጣል። ልጆች ሳለን ቆዳውን እየመጠጥን ፍሬውን እንተፋ ነበር። ሲለቅሙ ሲውሉ ግን ያ ጣፋጭ ነገር ጣት ላይ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛል፣ ከዚያ አፈሩም ቅጠሉም የሸረሪት ድሩም ይለጠፍበታል። ወንዙ ታች ነው። ለምሳ ብሎ ወርዶ ታጥቦ የሚመለስ ሰው ግማሽ ቀን ያባክናል። ስለዚህ ለቃሚው ቅርጫቱን ወገቡ ላይ እንዳሰረ፣ ቅርንጫፉን በአንድ እጁ ጎንበስ አድርጎ እንደያዘ ባለበት ይቆማል። አያቴ ሰፌዷን ይዛ በየዛፉ ሥር ትዞራለች።

ሰፌዱ ላይ እንጀራ በጎመን ነው፣ ወይ የበቆሎ ቂጣ በሽሮ። ሥጋ የለም። ደቦው ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ፤ የአንዱን እርድ ሌላው ስለማይበላ ሁሉም ከአንድ ሰፌድ እንዲበላ የጾም ይሠራል። ማንም እንዲህ ይሁን ብሎ ሲያዝ ሰምቼ አላውቅም። እንደዚያ ሲሆን እያየን ነው ያደግነው።

ጉርሻ ስትጠቀልል እጇ አሁንም ይታየኛል። እንጀራውን ሰፋ አድርጋ ትቆርሳለች፣ ጎመኑን መሃሉ ላይ ታደርጋለች፣ ትጠቀልላለች፣ እንዳይፈርስባት ጫፉን በአውራ ጣቷ አጠፍ ታደርገዋለች። ከዚያ «በሞቴ!» ለቃሚው «ኧረ በዛ እማማ» ይላል። «አፈር ስሆን! አንድ ያጣላል» ትልና ሁለተኛውን ትጠቀልላለች። ጉርሻው ትልቅ የሚሆንበት ምክንያት ነበረው። ከእሱ በኋላ ብዙ ሰው ይጠብቃታል፣ ተመልሳ የምትመጣው ቡና ሲፈላ ነው፣ ስለዚህ ባለፈችበት ቅጽበት የምትችለውን ያህል ማብላት አለባት። ሰውየው ጉንጩ ይነፋል። ዓይኑ እንባ ያቀራል። መናገር ያቅተዋል፣ ሌሎቹ ይስቃሉ። እሷ ግን ጥላው አትሄድም፤ ውጦ እስኪጨርስ ቆማ ትጠብቀዋለች፣ ውሃ በጣሳ ታጠጣዋለች።

አባባሉ የተወለደው እንዲህ ያለ ቦታ ነው ባይ ነኝ። እንዲያውም ጉርሻ ራሱ የተጀመረው እጁን ሥራ ለያዘበት ሰው ይመስለኛል። አራሹን አስቡት፤ አንዱ እጁ እርፍ ይዟል፣ ሌላው ጅራፍ። አጫጁም እንደዚያው። አራስና በሽተኛም ሰው ያጎርሳቸዋል። ዛሬ እጁን ታጥቦ ማዕድ ላይ የተቀመጠን እንግዳ ስናጎርስም «ድካምህን አይቻለሁ፣ እጅህ ይረፍ» እያልነው ነው። ፍቅር የሚለውም የፍቅረኛሞችን ብቻ አይመስለኝም። የድሮ ሰው «ፍቅር ያላቸው ቤተሰቦች» ሲል የሚጠያየቁትን፣ አብረው የሚበሉትን፣ እንግዳ የማይጠሉትን ማለቱ ነበር። አባባሉን የሁለት ወጣቶች ጉዳይ ያደረግነው በኋላ እኛ ነን።

እና ጭንቁ ምንድን ነው? የሰጪው እጅ ሲበዛ የተቀባዩ አፍ መጥበቡ ነው። በቃ። አንድ ደቂቃ እንኳን አይሞላም፣ ሲዋጥ ያልቃል፣ የተጨነቀውም ጠግቦ ይቀራል። ደግሞ ሥርዓት አለው። አያቴ ጠቅልላ ትጠብቃለች፣ እጇን የምትዘረጋው ሰውየው አፉን ሲከፍት ነው። ጣቷ ከንፈሩን አይነካም። አፉን ያልከፈተ ሰው አይጎርስም፤ በግድ ላጉርስህ ማለት ነውር ነበር።

ስልክ መበርበር ውስጥ የተሰጠ ነገር የት አለ? ልጅቷ ምን ጠገበች?

አባባሉ በትክክል ሲነገር መስማት የሚፈልግ መናኸሪያ ይሂድ። ልጇን ዩኒቨርሲቲ የምትሸኝ እናት ቡናውን፣ ማሩን፣ ቅቤውን፣ በሶውን ትጭንበታለች። ልጁ «እማዬ ማን ይሸከመዋል፣ ተይ በቃ» እያለ ሲነጫነጭ ከጎን ያለ አንድ አባት «ዝም በል ልጄ፣ ፍቅርና ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው» ይሉታል። ይሄ ነው ቦታው። ልጁ ተጨንቋል፣ ግን የተጨነቀው ስለተሰጠው ነው። ሰርግ ላይም ያምራል፣ ሁለቱ እናቶች ተራ በተራ ሙሽሮቹን ሲያጎርሱ። አሁን አሁን ግን ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ «አልመጣልኝም፣ ድገሙት» እያለ ያችን አንድ ጉርሻ አራት ጊዜ ያስጎርሳቸዋል። ሙሽራዋ ለመዋጥ እንኳን ጊዜ አታገኝም። ቀራጮች፣ እባካችሁ ይሄን ተዉ።

ሌላም ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። በመጋቢት 2012 ኮሮና አገራችን መግባቱ ሲነገር ጉርሻ በአንድ ጊዜ ቀረ። አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ሳያጎርሱ ከረሙ፣ መዋደዱ ግን የትም አልሄደም። ከዚያ ወዲህ «ይቅርታ፣ በራሴ እጅ ልብላ» የሚል ሰው በዝቷል። ስኳር ያለበት አለ፣ ጨጓራው የማይችል አለ፣ ዝም ብሎ የማይወድም አለ። እነዚህን ሰዎች ማዕድ ላይ ይዘን፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ ተረቱን እየጠቀስን እናስጨንቃቸዋለን። «ንቆን ነው» የሚልም አይጠፋም። አይ ያለውን ሰው ተዉት። የጠቀለላችሁትን ከፊቱ አድርጉለት፣ ደስ ሲለው ራሱ አንስቶ ይበላዋል።