ጊታሩ ውስጥ ሰይጣን የለም፤ ድምፁን ግን ቀንሱት

ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ጊታር አስተምራለሁ። እሁድ እሁድ ደግሞ የአምልኮ ፕሮግራም ሳውንድ እሠራለሁ። ከሁለቱ ሌላ የማይከፈለኝ ሦስተኛ ሥራ አለኝ፤ «ሮክ የሰይጣን ሙዚቃ ነው አይደል?» ለሚለኝ ሁሉ መልስ መስጠት። ታክሲ ውስጥ ይጠይቁኛል። ለቅሶ ቤት ይጠይቁኛል። ባለፈው ጥርስ የሚነቅልልኝ ሰውዬ አፌን አስከፍቶ ጠየቀኝ። እስቲ አንዴ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ የሚመጣውን «አንብበው» ብዬ ልረፍ።

«ሮክን የጀመሩት ሰይጣን አምላኪዎች ናቸው»

አይደሉም። ሮክ የተወለደው አሜሪካ ውስጥ ከጥቁሮች ብሉዝና ከቤተ ክርስቲያናቸው መዝሙር ነው። ሲስተር ሮዜታ ታርፕ የምትባል ሴት ነበረች፤ በ1915 አርካንሶ ውስጥ የተወለደች (እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች ነው)። እናቷ ወንጌል ሰባኪ ነበሩ። እሷም ገና በልጅነቷ ጊታር አንግታ ጉባኤ ላይ ትዘምር ነበር። ካደገች በኋላ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዛ የዘመረችው መዝሙር በ1945 ከዓለማዊ ዘፈኖች ጋር እየተጋፋ የጥቁሮች ሙዚቃ ሠንጠረዥ ላይ ወጣ። ዛሬ የሮክ እናት የሚሏት ብዙ ናቸው። ኤልቪስ ፕሪስሊን ሁሉም ያውቀዋል። ተወዳድሮ ያሸነፋቸው ሦስት ግራሚዎች (የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት ነው) በሙሉ የመዝሙር መሆናቸውን ግን ስንቱ ያውቃል?

ሮዜታን የራሷ ቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ተቆጥተዋታል። ናይት ክለብ ገብታ ትጫወት ስለነበር ነው። ስለዚህ ጭቅጭቁን ደሴ አልጀመረችውም።

ሰይጣንን ለገበያ የሚጠቀሙ ባንዶች የሉም አላልኩም፤ አሉ። አዝማሪም በመሰንቆ ስንት ሰው ሰድቧል፤ መሰንቆው ግን ዛሬም መዝሙር ላይ ይመታል።

«ወደኋላ ሲያጫውቱት ሰይጣን ሲናገር ይሰማል»

አይሰማም። በ1990 ኔቫዳ ውስጥ ጁዳስ ፕሪስት የሚባል ባንድ «ዘፈናችሁ ውስጥ ድብቅ መልእክት አለ» ተብሎ ፍርድ ቤት ቆሞ ነበር፤ ዳኛው ለባንዱ ፈረደ። አንድ ተማሪዬ ደግሞ የአገራችንን መዝሙር ገልብጦ አጫውቶ «ሽሮ የሚል ሰማሁ» ብሎኛል። ጾም ላይ ነበር መሰለኝ።

«እናንተ አዳራሽ የሚዘመረው ሮክ ነው»

ድራም ያየ ሁሉ ሮክ ይላል። ወዳጄ፣ አብዛኛው ችክችካ ነው። አያትህ ሠርግ ላይ የጨፈሩበት ምት።

«መጽሐፍ ቅዱስ ዘፈን ይከለክላል»

ይቺኛዋ ትንሽ ጊዜ ትፈልጋለች። ገላትያ 5፥21 ላይ ከስካር ቀጥሎ «ዘፋኝነት» የሚል አለ። እውነት ነው። ግሪኩ ግን ኮሞስ ነው የሚለው፤ ጠጥቶ፣ ሰክሮ፣ ሲጨፍሩ ማደር። ስለ ጊታርም ስለ ዜማም አያወራም። አሁን ያንኑ መጽሐፍ ቅዱስ መዝሙር 150፥4 ላይ ግለጡት፦ «በከበሮና በዘፈን አመስግኑት» ይላል። እዚህ ጋ ዕብራይስጡ ጭፈራ ነው። በግዕዝም ዘፈነ ማለት ጨፈረ ነው። ቃሉ በእኛ አፍ ላይ እየዋለ ትርጉሙ ተቀየረ። የመጀመሪያዋን ጥቅስ የሚጠቅስልኝ ሰው ሁለተኛዋን ሳነብለት ዝም ይላል። በሳምንቱ ደግሞ ያቺኑ የመጀመሪያዋን ይዞ ይመጣል።

«ምቱ ሰውነትን ያንቀሳቅሳል፤ ስለዚህ ሥጋዊ ነው»

ገና ላሊበላ ሂድ። ታኅሣሥ 29 ቤተ ማርያም ጋ ካህናቱ ግማሾቹ ላይ ጠርዙ ላይ፣ ግማሾቹ ታች ግቢው ውስጥ ሆነው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ ቁም። ከበሮው ይመታል፣ ጸናጽሉ ይንሿሿል፣ ነጭ በነጭ የለበሰው ሁሉ በአንድ ላይ ዝቅ ከፍ ይላል። እዚያ ቆሞ ያልተወዛወዘ ሰው ካለ እግሩ ደንዝዞበት ነው።

«ዜማው ራሱ የባዕድ ነው፤ ኖታው ውስጥ መንፈስ አለበት»

የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው።

አንድ አባት ነበሩ። ልጃቸውን ሦስት ሳምንት አስተምሬዋለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት ሊያስወጡት መጡ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ልጁ ቤት ውስጥ «የሮክ ነገር» ይነካካል አሉ። ጎረቤት ነግሯቸዋል። ይበቃዋል።

«ይግቡ ጋሼ፣ ቡና ደርሷል» አልኳቸው። ወሎ ነውና ቡና ደርሷል ተብሎ ማን ይመለሳል? ገብተው ተቀመጡ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። በከዘራቸው ወለሉን ቆርቆር ያደርጉታል።

ሮክ ጊታር የሚማር ልጅ፣ ለንደንም ይሁን ወልዲያ፣ መጀመሪያ አካባቢ የሚማራት አንድ ስኬል፣ ማለትም የኖታ ተራ፣ አለች። አምስት ኖታ ናት። ከወፍራሙ ክር አምስተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ትነሳለህ፣ ስምንተኛውን ትነካለህ። በሚቀጥለው ክር አምስትና ሰባት። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ክር አምስት። ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። ፈረንጆቹ ማይነር ፔንታቶኒክ ይሏታል። የብሉዝና የሮክ ጊታሪስት ሶሎ ሲጫወት ቤቱ እሷ ናት፤ ወጣ ብሎ ይመለስባታል።

አምፕሊፋየሩን ዝቅ አደረግኩ። ዲስቶርሽኑን፣ ድምፁን የሚያሻክረውን ፔዳል፣ አጠፋሁ። ያቺኑ ስኬል ቀስ ብዬ፣ እንደ ክራር ነጠል ነጠል እያደረግኩ ተጫወትኳት። መጨረሻው ላይ ሬን ገፋ አድርጌ ወደ ላ መለስኳት።

የከዘራው ድምፅ ቆመ።

«ይቺማ ባቲ አይደለችም እንዴ?»

ናት! ከኮምቦልቻ ቁልቁል ወርዳችሁ ሰኞ ገበያዋን የምታገኙት ከተማ ስሟን የሰጠቻት ቅኝት። ባቲ ሜጀርም ማይነርም አላት፤ ማይነሯን በኖታ ጻፏት፣ የሮክ ጊታሪስቱ ስኬል ሆና ትገኛለች። አምስቱም ኖታ አንድ ነው። የሚለየው አያያዙ ነው፦ የት ታርፋለህ፣ የቷን ታስረዝማለህ፣ የቷን ታለቅሳለህ። ዲስቶርሽኑን መልሼ ከፍቼ ያንኑ አጫወትኳቸው። ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ባቲነቷን ግን አልካዱም።

የእኛ ሰው ይህን ሳያውቅ መቅረቱ ነው የሚገርመኝ። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታ ስም ናቸው። አምባሰል ግሸን ማርያም ያለችበት አገር ነው። በአምባሰል ቅኝት ስንት የፍቅር ዘፈን ተዘፍኗል! መስከረም 21 ግሸን የሚወጣ ምእመን ግን ቅኝቱን ሲሸሽ አላየሁም። የእናቴ ዘመዶች ግማሾቹ እስላም ናቸው፤ ልጅ ሆኜ አንዱን ቅኝት መንዙማ ላይ፣ ሠርግ ላይና መዝሙር ላይ ሰምቼዋለሁ። አንዱም ቤት ገብቶ «እኔ የዚያኛው ነኝ» አላለም።

ይህ ማለት ነገ ጊታር አንግታችሁ ቅዳሴ ግቡ ማለት አይደለም። ይሄንን ደግሞ የእኛ ልጆች ይስሙ። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱስ ያሬድ የተቀበለችው ዜማ አላት፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ። ከበሮዋ፣ ጸናጽሏ፣ መቋሚያዋ አላት። ጊታር የማታስገባው ሥርዓቷ ስለሆነ ነው። ቤተ መቅደስ ስትገባ ጫማህን የምታወልቀው ጫማው ውስጥ ጋኔን ስላለ ነው እንዴ? «በእኛ ቤት አይገባም» ያለኝን አከብረዋለሁ። «ሰይጣን አለበት» ያለኝን ግን ቡና አስቀርቤ ባቲ አሰማዋለሁ።

እኒያ አባት ልጁን አልወሰዱትም። ሲወጡ ግን ፔዳሉን በከዘራቸው ጠቁመው «ያችን የምታንጫጫዋን አትክፈትበት» አሉኝ። በሆዴ ሳቅኩ። በኋላ ሳስበው ግማሹ ልክ ነበሩ፤ ወደሱ እመጣለሁ።

«ሉተርም የመጠጥ ቤት ዘፈን ነው መዝሙር ያደረገው»

ይሄ የወጣቶቻችን ነው። ሮክን ለመከላከል የሚጠሯት የመጀመሪያ ማስረጃ ናት፤ ስሰማት ያመኛል። የፕሮቴስታንቶች መሪ ሉተር በነበረበት ዘመን ጀርመኖች «ባር» የሚሉት የግጥምና የዜማ አሠራር ነበራቸው፤ አንዱ ዜማ ሁለቴ ይደገማል፣ ከዚያ ሌላ መዝጊያ ይመጣል። ሉተር በሱ ጻፈ። ባር የሚለውን ቃል ያየ ሰው ቢራ አሰበ፤ በቃ። እውነተኛ ምሳሌ ከፈለጋችሁ ሃስለር የሚባል ጀርመናዊ በ1601 ያሳተመው የፍቅር ዘፈን አለ፤ ዜማው በኋላ የክርስቶስን ሕማም የሚያስብ መዝሙር ሆኖ እስከ ዛሬ ይዘመራል። እሱን ጥቀሱ።

«ድምፁ ሲጨምር መንፈሱ ይወርዳል»

ይህኛው ከሥራዬ ጋር ስለሚገናኝ አልታገስም። የአሜሪካ የሥራ ጤና መመሪያ ጆሮ እንዳይጎዳ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) በቀን ለ8 ሰዓት ይፈቅዳል። 100 ዴሲቤል ላይ ግን 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ግድግዳው ልሙጥ ሲሚንቶ የሆነ አዳራሽ ውስጥ ድራምና ሁለት ጊታር ሲነሳ 100 ሩቅ አይደለም። አምልኮው ደግሞ በ15 ደቂቃ አያልቅም።

እባካችሁ እንዲህ አድርጉ። የጊታሩን አምፕሊፋየር ወንበር ላይ አውጡትና ወደ ጊታሪስቱ ጆሮ አዙሩት፤ አምፕሊፋየሩ እግሩ ሥር ከሆነ ድምፁ ሕዝቡን እየመታ እሱ ግን «አልሰማሁም» ብሎ ይጨምራል። ከጊታሩ ላይ ቤዙን ቀንሱ፤ ቤዝ ጊታር አለ አይደል? ድራመሩ ቢያንስ በቀስታው መዝሙር ጊዜ ዱላውን ያቅልል። ልምምድ ላይ መጀመሪያ የዘማሪውን ድምፅ አስተካክሉ፣ ሌላው በሱ ሥር ይግባ። ከዚያ ሚክሰሩን ትታችሁ መጨረሻው ወንበር ድረስ ሂዱና ግጥሙ ይሰማ እንደሆነ አዳምጡ። ግጥሙ ካልተሰማ መዝሙር መሆኑን ማን ያውቃል?

ይህን የተማርኩት ከአንዲት እናት ነው። አንድ እሁድ መጨረሻው ረድፍ ላይ ቆመው የነጠላቸውን ጫፍ ጠቅልለው ጆሯቸው ውስጥ ሲከቱ አየኋቸው። አፋቸው ግን እየዘመረ ነው። ወደ ሚክሰሩ ተመልሼ የጊታሩን ፌደር፣ ድምፅ የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን ተንሸራታች ቁልፍ፣ ወደ ታች ጎተትኩት። ትንሽ ቆዩና ነጠላውን አወጡት።

ጊታሪስቱ እስከ ዛሬ አኩርፎኛል።